«ዶሮ ራሷን ትቀልባለች» ላላችሁ

ከሚሴና ዙሪያዋ ዶሮ የሌለው ቤት ጥቂት ነው፤ የዶሮ ወሬው ግን ከዶሮዋ ይበዛል። በሰንበቴ የእሁድ ገበያ ብትውሉ፣ በባቲ የሰኞ ገበያ ብትውሉ የምትሰሙት ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፤ ዶሮ ወጪ የላትም፣ ከእሷ የተገኘ ሁሉ ትርፍ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። መልሴን አንድ በአንድ ተቀበሉ።

«ዶሮ ራሷን ትቀልባለች።»
ራሷንማ ትቀልባለች፤ አንተን የምትቀልብበት ከየት ታምጣ? ጭራ የለቀመችው ለነፍሷ ነው፤ እንቁላል የሚሆነው ከነፍሷ የተረፈው ነው። የሀበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ስትጥል «ዘሯ ነው» ብለህ ትዘጋዋለህ። ዘሯም አለበት። ግን 21 ቀን አቅፋ፣ ከዚያ ሁለት ወር ጫጩት አሳድጋ፣ ይህን ሁሉ በባዶ ጓሮ የተወጣችው እሷ ናት። የማሽላ ግርድ ጣልላት። የእንቁላሉን ቅርፊት አመስ አድርገህ፣ አድቅቀህ ስጣት፤ ሳታደቅ ከሰጠሃት እንቁላል መብላት ትለምዳለች። በዚህ ቆላ ሙቀት ደግሞ ጥላ ሥር ንጹሕ ውኃ አስቀምጥላት። ከዚያ በኋላ «አልጣለችም» ብትል እሰማሃለሁ።

«የሚያዋጣው የፈረንጅ ዶሮ ነው፤ ቦቫንስ በዓመት 300 ይጥላል አሉ።»
300ውን የነገረህ ሰው ዶሮዋ በቀን 110 ግራም ገደማ የተመጣጠነ መኖ እንደምትበላም ነግሮሃል፤ አንዱን ሰምተህ ሌላውን ተውከው። መኖውን ከቻልህ ግዛው። ካልቻልህ ኮይኮይክ ወይም ሳሶ የተባለውን ዝርያ ያዝ፤ ጓሮ ለቅመው ጥቂት ድጎማ ሲያገኙ ከሀበሻዋ በጣም የበለጠ ይጥላሉ። የዶሮ ብዜት ማዕከል ያላት ኮምቦልቻ ጎረቤትህ ናት፤ ጠይቅ። የአንድ ቀን ጫጩት ማሞቅ ካልሆነልህ አድጎ የተከተበ ቄብ ግዛ። የሀበሻዋንም አትጣላት፤ የፈረንጇ ማቀፍ አትወድም፣ የኮይኮይኩን እንቁላል አቅፋ የምትፈለፍልልህ ሀበሻዋ ናት።

«ፈንግል ገብቶ ፈጀብኝ፤ ምን አደርጋለሁ፣ ከአላህ ነው።»
ሐጂ፣ በሽታውም ከእሱ፣ መድኃኒቱም ከእሱ፤ አንዱን ተቀብለው ሌላውን ለምን መለሱ? ፈንግል ከገባ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን አለው። ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት አምራች ተቋም ያመርተዋል፤ ሙቀት የሚቋቋምም ዓይነት አለው፣ ዓይኗ ላይ አንድ ጠብታ ነው። ዝናብ ከመግባቱ በፊት ያስከትቡ፤ በየሦስትና አራት ወሩም ይድገሙት። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ይበቃል፣ ከተበጠበጠ በኋላ ደግሞ አያድርም፤ ስለዚህ ጎረቤቱን ሁሉ ይጥሩ። ለሰደቃ የሚሰበሰብ መንደር ለክትባት መሰብሰብ አያቅተውም።

«ማንቀላፋት ስትጀምር ቶሎ ገበያ አውጥቼ ገላገልኳት።»
የተገላገልከው አንድ ዶሮ ነው፤ የሸጥከው ሙሉ በሽታ ነው። የገዛት ሰው የሰፈርህ ሰው ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት በሽታዋ በአጥርህ በኩል ተመልሶ ይመጣል። የታመመችውን ለይ፣ የሞተችውን ቅበር፣ ከገበያ የገዛሃትንም ሁለት ሳምንት ለብቻዋ አቆይ። ጎረቤትህን ያከሰርክባት ዶሮ አትርፋልህ አታውቅም።

«እንቁላሉን አጥቤ፣ አሳምሬ ነው ያመጣሁት።»
እታለም፣ ያሳመርሽው ቅርፊቱን ነው፤ ያበላሸሽው ውስጡን። እንቁላል ሲጣል የሚጠብቀውን ስስ ልባስ ለብሶ ነው፤ ቅርፊቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ቀዳዳዎች አሉት። ስታጥቢው ልባሱ ይለቃል፣ ውኃው ቆሻሻውን ይዞ ይገባል። ማጠብ የነበረብሽ እንቁላሉን ሳይሆን ጎጆዋን ነው። ደረቅ ገለባ አንጥፊላት፣ በቀን ሁለት ሦስቴ ሰብስቢ፣ የቆሸሸውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጊ፣ ሹል ጫፉን ወደ ታች አድርገሽ ጥላ ቦታ አስቀምጪ።

«ትኩስ ነው፣ ዛሬ ነው የተጣለ!»
ዛሬ መጣሉን አመንኩ፤ ከጠዋት ጀምሮ አስፋልት ዳር ፀሐይ ላይ መዋሉን ደግሞ በዓይኔ አየሁ። አውራ ያለበት እንቁላል ሙቀት ሲያገኝ ጫጩት መሥራት ይጀምራል፤ ለዚህ ሥራ የከሚሴ ፀሐይ ከበቂ በላይ ናት። ዶሮ ያለ አውራ ትጥላለች፤ ለምግብ ለሚሸጥ እንቁላል አውራውን ለይ። ገዢም ብትሆን አትከራከር፤ ውኃ ውስጥ ክተተው። የተጋደመ ትኩስ ነው፣ የቆመ የሰነበተ፣ የተንሳፈፈ የተጣለ ገንዘብ።

«ከእኛው ጋር ነው የሚያድሩት፤ ሸለምጥማጥ ይፈጃቸዋል።»
ዶሮዋን ከሸለምጥማጥ አዳንካት፤ ልጁን ከኩሷ ማን ያድነው? መሬት ላይ የሚድህ ሕፃን እጁን አፉ ውስጥ ይከታል፤ ተቅማጡ ከዚያ ይጀምራል። ከመሬት ከፍ ያለ፣ በሩ የሚዘጋ የእንጨት ቤት ሥራላት፣ ቆጥ አድርግላት። ሁለቱም ይድናሉ።

«የዶሮ ነገር የሴት ነው።»
እሺ፣ ሥራው የሴት ነው። ሲሸጥስ ብሩ የማን ነው? የምትመግባት እሷ፣ ቤቷን የምትጠርግ እሷ፣ ቅርጫት ተሸክማ ገበያ የምትወጣው እሷ ሆና ሳለ ሒሳቡን አንተ ልትይዝ አይገባም። የዶሮ ብር በእናት እጅ ሲሆን ደብተርና ጫማ ሆኖ ቤት ይገባል፤ የምታየውን አትካድ።

«አሁን የክርስቲያን ጾም ነው፤ ከአዲስ አበባም ከደሴም ገዢ የለም፣ እንቁላል አይሸጥም።»
ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ገዢው ጾመ። ያንተ ልጅስ ማን ጹም አለው? ዋጋ ሲወርድ ለልጅህ የሚደርስበት ወቅት ገባ ማለት ነው። በዓሉ ሲደርስ ዋጋው ይመለሳል፤ ልጅ ግን ያላደገበትን ጊዜ መልሶ አያድግበትም።

«አንድ እንቁላል ምን ይሠራል? ሽጬ ስኳርና ዘይት ልግዛበት።»
አንዱ እንቁላል 6 ግራም ያህል ፕሮቲን ይዟል፤ በሻይ ውስጥ ያለው ስኳር ይህን አይተካም። ስድስት ወር የሞላው ሕፃን በደንብ የበሰለ እንቁላል ይበላል። ዶሮ እያረባ እንቁላልን በቅርጫት ሲወጣ ብቻ የሚያይ ልጅ ሊኖር አይገባም። የመጀመሪያው እንቁላል የልጁ፣ ቀጥሎ ያለው የገበያው ይሁን። ይህን ቅደም ተከተል የሚገለብጥ አባወራ ከእኔ ጋር አይከራከር፤ መልሱን ለልጁ ይስጥ።