12 ሲቀነስ 12

እስቲ ፍረዱኝ። የመጋዘናችን ጥበቃ ማታ በ12 ሰዓት ገብቶ ጠዋት በ12 ሰዓት ይወጣል። ብርድ ሲጠብሰው ማደሩን የግቢው ውሻ ሳይቀር ይመሰክራል። ኤክሴል ተብዬው ግን ከመውጫው ላይ መግቢያውን ቀንሶ ምን አለ መሰላችሁ? ዜሮ! 12 ሲቀነስ 12፣ አለቀ። ሰውዬው አልገባም፣ አልወጣም፣ የለም።

የደመወዝ ጸሐፊዋ ትስቃለች። «ጋሼ፣ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚገባው» ብላ መግቢያውን 18:00፣ መውጫውን 6:00 አደረገችው። ይባስ ብሎ ሳጥኑ ከዳር እስከ ዳር አጥር በሚመስል ምልክት ተሞላ። ለካ ከ6 ላይ 18 ሲቀነስ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ማሽኑ ደግሞ ከዜሮ በታች የሆነ ሰዓት ማሳየት አይሆንለትም። እኛ ክፍያ ስንጠይቀው እሱ አጥር ያጥራል! እኩለ ሌሊትን የሚያሻግር «ሞድ» የሚሉት ፎርሙላ አለ፤ እሱን ስትጨምርበት 12:00 ወጣ። ተመስገን አልኩ።

ምን ዋጋ አለው! የሳምንቱን አራት ሌሊት፣ 48ቱን ሰዓት ስትደምረው እንደገና 0:00። 24 ሰዓት በሞላ ቁጥር ከዜሮ ይጀምራላ! ድምሩ እንዲታይ ሰዓትን የምትወክለውን «ኤች» የተባለች ፊደል በማዕዘን ቅንፍ ማሰር ነው አሉ። በእኛ ጊዜ የሚታሰረው ሌባ ነበር። ታሰረች፤ 48:00 ታየ።

በሰዓት 50 ብር ብለን ብናባዛው ደግሞ 100 ብር! 2,400 ብር መሆን አልነበረበትም? ለዚህ ማሽን ሙሉ ቀን ማለት 1 ነው፤ ሰዓት የቀን ሽርፍራፊ ነው። የጠዋቱ 12 ሰዓት 0.25፣ ቀትር 0.5። ላይ ላዩን 48:00 እያለ ያሳያል፤ ሆዱ ውስጥ ያለው 2 ብቻ ነው። «በ24 ማባዛት ነው እኮ፣ ጋሼ» ትለኛለች፣ ጥፋቱ የእኔ ይመስል።

የትርፍ ሰዓቱ ጣጣ ገና ነው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለተሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ለተሠራው በ1.75 አባዝታችሁ ክፈሉ ይላል። አንዷን ሌሊት ለሁለት የሚገምስ ፎርሙላ ልትጽፍ «ኢፍ» ብላ ጀመረች፤ ቅንፍ በቅንፍ ላይ። እሷ የጎደለውን መዝጊያ ቅንፍ ስትፈልግ፣ እኔ በደብተሬ አስልቼ ሰውዬውን አስፈርሜ ሸኘሁት።