መኪናው ደጅ፣ ምጣዱ ጋራዥ

ሜሪላንድ ውስጥ የሐበሻ ቤት የጠፋበት ሰው በቤት ቁጥር አይድከም። መኪኖቹ በሙሉ ደጅ ተኮልኩለው፣ የጋራዡ በር ክንድ ያህል ከፍ ብሎ፣ ከሥሩ የቁሌት ሽታ ሾልኮ መንገዱን ካወደው ደርሷል ማለት ነው። ፈረንጅ ጋራዥን ለመኪና ሠራ። እኛ ደግሞ «መኪና ዝናብ ቢመታው ምን ይሆናል?» አልንና ምጣዱን፣ የጤፉን ከረጢት፣ የበርበሬውን ባልዲ፣ ለድግስ የሚዞሩትን ታጣፊ ወንበሮችና አገር ቤት የሚሄድ ሰው የሚጠብቁትን ሻንጣዎች አስገባንበት። የሚፈርድብን ካለ፣ ምንጣፍ በተነጠፈበት ሳሎን ሽንኩርት አቁላልቶ ይሞክረው።

በእኔ ቤት ዋናው በር ለጌጥ ነው። በእሱ በኩል የሚመጣው ዕቃ አድራሽና ምርጫ ሲደርስ ድምፅ የሚለምን ሰው ብቻ ነው። ዘመዱም፣ ጎረቤቱም፣ የማኅበር አባሉም የሚገባው በጋራዥ ነው። ስለዚህ የጋራዥ በር ስትመርጡ የመኪናችሁን ሳይሆን የዘመዳችሁን ብዛት አስቡ።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከበሩ አናት በላይ፣ በብረት ዘንግ ላይ የተጠመጠመ ሞላ አለ። ሁለት መኪና የሚያስገባ የብረት በር ከ70 እስከ 100 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ይህን ሸክም የሚችለው ጣሪያው ላይ የሚያጓራው ሞተር ሳይሆን ይኸው ሞላ ነው። በድግስ ቤት ምስጋናው ለአሳላፊው፣ ድካሙ ጓዳ ላለችው ወጥ ሠሪ አይደል? ሞተርና ሞላም እንደዚያው ናቸው። የተለመደው ሞላ የሚሠራው ለ10,000 ዙር ነው፤ በሩ ተከፍቶ ሲዘጋ አንድ ዙር ይባላል። በቀን 4 ጊዜ ለሚከፍት ቤት ወደ 7 ዓመት ያገለግላል። ይህን ያሰላው መሐንዲስ ግን አማቼን አያውቃቸውም።

የአማቼ ሪሞት ከመቀነታቸው አይለይም። ጭስ በዛ ብለው ይከፍታሉ፤ ብርድ ገባ ብለው ይዘጋሉ፤ በመንገድ የሚያልፍ ሐበሻ በመስኮት ካዩ «ቡና ደርሷል» ለማለት እንደገና ይከፍታሉ። ታዲያ በአንድ የክርስትና ዋዜማ በሩ «ጧ!» አለ። አማቼ «በስመ አብ!» ብለው ድስቱን ከነማማሰያው ትተው ወደ ሳሎን ሮጡ። ቀና ብዬ ሳይ ከሁለቱ ሞላዎች አንዱ መሐል ለመሐል ተበጥሶ ጣት የሚያሾልክ ክፍተት ታየኝ። ሪሞቱ ሲጫን ሞተሩ ያቃስታል፤ በሩ ጥቂት ከፍ ይልና እንቢ ብሎ ይቆማል።

ወሬው እንደተሰማ ወንዱ ሁሉ ከተፍ አለ። ሐበሻ ወንድ ሲሰበሰብ መሐንዲስ ያልሆነ የለም። አንዱ ካቻቢቴ፣ አንዱ ፒንሳ ይዟል፤ ሌላው «አዲስ አበባ እያለሁ የስንቱን ግቢ ላሜራ በር ጠግኛለሁ» እያለ መሰላሉን ወጣ። «ይህችን ቡሎን ፈታ ብናደርጋትስ?» ሲል ባለቤቴ ከታች ሆና «ወንድሜ፣ ነገ ያለን ክርስትና ነው፤ ተዝካር አልደገስንም» አለችው። ወረደ። እውነቷን ነው። ያልተበጠሰው ሞላ ጠቅላላ ኃይሉን አምቆ እንደተጠመጠመ ነው፤ ያለ መሣሪያውና ያለ ሙያው የፈታው ሰው እጁን ሊያጣ ይችላል። ከበሩ ግርጌ የሽቦ ገመዱን የያዙት ቡሎኖችም እንዲሁ ናቸው።

በማግስቱ እንግዳው በዋናው በር እንዲገባ ተነገረው። ግማሹ ቤቱን ስቶ ጎረቤት አንኳኳ።

ሰኞ የመጣው ባለሙያ ሁለቱንም ሞላ ልቀይር አለ። «የተሰበረው አንዱ ነው» ብዬ ብከራከር፣ «እኩል ነው የሠሩት፤ ሁለተኛውም ቀኑን እየጠበቀ ነው» አለኝ። ቀጥሎም «በቀን ስንት ጊዜ ትከፍታላችሁ?» ሲል ጠየቀ። እኔ አማቼን አየሁ፤ እሳቸው ጀበናውን አዩ። ዋጋው ከበድ ቢልም 25,000 ዙር የሚችለውን አስገባን።

ከዚያ ወዲያ ያለው እንክብካቤ ቀላል ነው። በሩ ተዘግቶ ሳለ ከሞተሩ የተንጠለጠለችውን ቀይ ገመድ ስቦ በሩን ከሞተሩ ማላቀቅ፣ በእጅ እስከ ወገብ ማንሳትና መልቀቅ። ባለበት ከቆመ ሞላው ደህና ነው፤ ከወረደ ወይም ሽቅብ ከሄደ ባለሙያ ይጠራ። ማጠፊያዎቹና ሞላው በዓመት አንድ ሁለቴ ለዚሁ የተሠራ ሲሊኮን ወይም ነጭ ግሪስ ይበቃቸዋል። «ዘይት ቀቡት» የሚል አይጠፋም፤ የምግብ ዘይት ግን አቧራና የጤፍ ብናኝ ሰብስቦ ጭቃ ይሆናል። የበሩ ትንንሽ ጎማዎች የሚሄዱበት ሐዲድ ደግሞ ይጠረጋል እንጂ አይቀባም።

በአሜሪካ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመረት የቤት ጋራዥ ሞተር በሩ ሰው ላይ እንዳይወርድ መከላከያ እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል። በበሩ ግራና ቀኝ፣ ከወለሉ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተተከሉት ሁለት ትንንሽ ሴንሰሮች ለዚህ ነው። በመካከላቸው የሚያልፈውን የማይታይ ጨረር አንዳች ነገር ከጋረደው በሩ በሪሞት አልዘጋም ይላል። በፈረንጅ ቤት የሚጋርደው የልጅ ኳስ ነው፤ በእኛ ቤት የሽንኩርት ከረጢትና ወፍራም ቄጤማ። ሞተር ተበላሸ ብላችሁ ከመደወላችሁ በፊት ከረጢቱን ገፋ፣ የሴንሰሩን መስተዋት በለስላሳ ጨርቅ ወልወል አድርጉ።

አዲስ በር ለሚገዛ ምክሬ አጭር ነው። እንጨት ያምራል፤ ግን ይከብዳል፣ በየጊዜውም ቀለም ይፈልጋል። ብረት ይሻላል፤ ብርድ የሚከላከል ፎም በውስጡ ያለው ይሁን፤ አለበለዚያ በጥር ሊጡ ኩፍ አይልም። መኝታ ቤት ከጋራዡ በላይ ከሆነ በሰንሰለት ሳይሆን በቀበቶ የሚሠራ ሞተር ምረጡ፤ ድምፁ ያነሰ ነው። ቀለሙን የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ይመርጥላችኋል፤ ለቁሌት ሽታ ግን ገና ደንብ አላወጣም።

በቀልድ የማይታለፍ አንድ ነገር አለ። የቡና ከሰል ሽታም መልክም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ በሩ ቢከፈት እንኳ ጋራዥ ውስጥ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ከሰሉ ደጅ ይቀጣጠል፣ ሞላው ለባለሙያ ይተው። ጋራዡን ግን ለመኪና አንመልስም።