እናትን ዙ ይዞ የመሄድ ጥበብ

ዋሽንግተንና አካባቢዋ ለሚኖር ሀበሻ፣ ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ ማስጎብኘት የማይቀር ዕዳ ነው። ዋይት ሐውስን በአጥር ቀዳዳ፣ ሊንከንን ከነወንበሩ ካሳየህ በኋላ ሦስተኛው ቀን ላይ ዙ ይመጣል። የሚመረጥበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ መግቢያው ነፃ ነው። እኔ የማስረዳህ ይህን ነፃ ነገር እንዴት ውድ፣ አድካሚና ቅያሜ ያለበት እንደምታደርገው ነው። እንግዳዋ እናትህ ከሆኑ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ያምርልሃል።

ቀኑን በፍልሰታ አድርገው። አዲስ አበባ ላይ ነሐሴ ማለት ዝናብና ብርድ ስለሆነ እናትህ ሹራብ ደርበው፣ በላዩ ነጠላ አጣፍተው ይወጣሉ። አትከልክላቸው፤ የዋሽንግተን ነሐሴ ምን እንደሆነ ራሱ ይነግራቸዋል። በበጋቸው የዙ በሮች በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ክፍት ናቸው። ጠዋት አየሩ ቀዝቀዝ ይላል፣ እንስሳቱም ይንቀሳቀሳሉ፤ አንበሳው ሳይቀር በእግሩ ቆሞ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ጠዋት ዝር እንዳትል። መጀመሪያ ቅዳሴው ይለቅ። ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ ደጀ ሰላሙ ላይ ሰላምታ አለ፤ ከደርግ ዘመን ወዲህ ያልተያዩ አብሮ አደጎች ይገናኛሉ፣ ማን ሞተ ማን ወለደ ይባላል፣ አንተም "ይሄ ነው እንዴ ልጅሽ?" እየተባልክ ጉንጭህን ታቀርባለህ። መኪና ውስጥ ስትገቡ 9 ሰዓት ቢሆን መልካም ነው። እናትህ እህል ውኃ አልቀመሱም፣ ፀሐይዋም ገና አልበረደችም።

በባቡር የምትሄድ ከሆነ ዉድሊ ፓርክ ጣቢያ ውረድ። የጣቢያው ስም ራሱ "ዙ" ይላል፤ ታዲያ ማን ይጠራጠራል? ከዚያ እስከ በሩ ኮነቲከት አቬኑ ሽቅብ ነው። ቀጥሎ ያለው ክሊቭላንድ ፓርክ ርቀቱ ያው ሆኖ መንገዱ ሜዳ መሆኑን የሚያውቁ ሰዎች አሉ፤ አትስማቸው። መኪና ከያዝክ ፓርኪንጉ 30 ዶላር ገደማ ነው። ሒሳቡን እናትህ ፊት ቆመህ ወደ ብር መንዝረው። "በዚህ ሙክት ይገዛ ነበር" የሚለውን ከሰሙ በኋላ ሌላ ምንም እንስሳ አያስደንቃቸውም።

ዙው የሚጀምረው ከላይ ነው፤ ከኮነቲከት አቬኑ በር ተነስቶ እስከ ሮክ ክሪክ ወንዝ ድረስ ቁልቁል ይወርዳል። ስፋቱ 66 ሄክታር ያህል ነው። በእቅዱ ውስጥ የኒውዮርኩን ሴንትራል ፓርክ የነደፈው ፍሬድሪክ ሎው ኦልምስቴድ እጅ አለበት፤ ዋናው መንገድም በስሙ ይጠራል። ታሪኩን ማወቅ ለማይፈልጉ ሰዎች ታሪክ መንገር ጉብኝትን በማበላሸት ረገድ የተመሰከረለት ዘዴ ነውና በሩ ላይ አቁመህ ንገራቸው። ዊልያም ሆርናዴይ የሚባል የስሚዝሶኒያን ባለሙያ ነበር፤ ሥራው የሞተ እንስሳ ቆዳ አልፍቶና ወጥሮ ለሙዚየም ማቆም። በ1886 (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ለዚሁ ሥራ ጎሽ ፍለጋ ወደ ምዕራብ ቢሄድ፣ በሚሊዮን ይቆጠር የነበረው መንጋ አልቆ ጥቂት ብቻ ቀርቶ አገኘው። ደንግጦ ተመለሰና በሕይወት ያሉ እንስሳትን ከስሚዝሶኒያን ሕንፃ ጀርባ ማኖር ጀመረ። ኮንግረስ በ1889 ዙው እንዲቋቋም ሕግ አወጣ፣ በ1891 ለሕዝብ ተከፈተ። ይህን ሁሉ ስትተርክ እናትህ የሚጠይቁህ "መቀመጫ የለም?" ብቻ ከሆነ በትክክለኛው መንገድ ላይ ነህ።

አሁን ወደ ውስጥ። ፓንዳዎቹ ለበሩ ቅርብ ናቸው፤ እለፋቸው። ሀበሻ አንበሳ ሳያይ ሌላ አያይም፤ አንበሳው ደግሞ ታች፣ ቁልቁለቱ የሚያልቅበት አካባቢ ነው። ቁልቁለት ምንም አያደክምም፣ "አየሽ እማዬ፣ ቀላል ነው!" እያልክ አውርዳቸው። ስለ መመለሻው ትንፍሽ አትበል።

አንበሳ በቀን እስከ 20 ሰዓት ሊያርፍ የሚችል ፍጥረት ነው። በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከዚህም ያሻሽላል።

"ሞቷል እንዴ?"

"ተኝቶ ነው እማዬ።"

"በዚህ ሰዓት?"

እዚህ ጋ አንድ አጎት ያስፈልጋል። ከሌለህ ተዋስ። የአጎት ሥራ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አንበሳውን ከላይ እስከ ታች መገምገምና "ይሄ ምን አንበሳ ነው፣ አንበሳስ ስድስት ኪሎ ነበር!" ማለት ነው። ቀልድ አይምሰልህ፣ አጎት እውነቱን ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1948 ያቋቋሙት የስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢ አንበሶች ጋማቸው ጠቆር ብሎ እስከ ደረታቸው የሚወርድ ነው፤ በ2012 የታተመ የዘረመል ጥናትም ከሌሎች አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አሳይቷል። አጎት ጥናቱን አላነበበም፣ ግን ያውቃል። ክርክሩ ሲሞቅ ዙሪያችሁን የከበቡት ፈረንጆች አንበሳውን ትተው እናንተን ማየት ይጀምራሉ፤ ልጆቻቸውን በትከሻቸው ያወጡም አይጠፉም። ያኔ የተኛውን ለመቀስቀስ አፏጭ። ዳቦ ቆሎ የያዝክ እንደሆነም፣ "እንስሳቱን መመገብ ክልክል ነው" የሚለው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ብቻ መሆኑ የማይጠቅም ሰበብ አይደለም።

የአገርህን እንስሳት በተመለከተ መመሪያው አጭር ነው፤ ሳታይ እለፍ። ትናንሽ አጥቢዎች ቤት ውስጥ ፀጉር የሌለው ፍልፈል አለ። የተሸበሸበ ሮዝ ቆዳ፣ ከከንፈሩ ውጭ የበቀሉ ሁለት ጥንድ ጥርሶች፣ ዓይን ለማለት ያህል ነጠብጣብ። በመስታወት ቱቦ ውስጥ አንዱ በአንዱ ላይ እየተራመደ ወደፊትም ወደኋላም እኩል ይሮጣል። የትውልድ አገሩ ኢትዮጵያ፣ ሶማሊያና ኬንያ ነው፤ ሩፔል የተባለው ጀርመናዊ ተጓዥ በ1842 ለሳይንስ ሲያስተዋውቀው ናሙናውን ያገኘው ከሸዋ ነበር። እንደ ንብ በንግሥት ይተዳደራል፣ ከ30 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል፣ ካንሰር እምብዛም አይነካውም፣ ያለ ኦክስጅን 18 ደቂቃ ይቆያል። የዓለም ላቦራቶሪዎች የሚሻሙት ይህንን ነው። እናትህ ግን ፍልፈልን የሚያውቁት ጓሮ ሲያጠፋ ነውና "እሱን አገር ቤትም አለልኝ" ይሉሃል። ተስማማ።

የሜዳ አህያም ካጋጠመህ እንደዚያው። በተለይ ሽንትሩ ቀጫጭን፣ ጆሮው ሰፋፊ ከሆነው ፊት አትቁም። የግሬቪ የሜዳ አህያ የተባለው ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ ስለላኩለት ነው፤ በ1882 ፓሪስ ደረሰ፣ ብዙም ሳይቆይ ሞተ፣ ስሙን ግን ከፕሬዚዳንቱ ወረሰ። ላኪው ስማቸውን ሳያስነሱ ቀሩ። በ1904 ደግሞ አንድ ሌላ ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ተልኮ እዚህ ዋሽንግተን ገባ። አሜሪካኖቹ ዳን ብለው ሰየሙትና የግብርና መሥሪያ ቤታቸው ብርቱ በቅሎ ይወጣው እንደሆነ ብሎ ከፈረስና ከአህያ ጋር ማዳቀል ያዘ። ቪዛ ሳይጠየቅ፣ በቤተ መንግሥት ደብዳቤ የገባ ሀበሻ ማለት ዳን ነው። መጨረሻው ያው ጉልበት ሥራ ሆነ እንጂ።

ኦራንጉታኖቹ ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው የሚሻገሩት በሰው አናት ላይ ነው፤ በ1995 በተተከሉት ረጃጅም ማማዎች መካከል የተዘረጋ ገመድ ይዘው። ነጭ በነጭ የለበሱትን እናትህን ፎቶ ማንሳት ያለብህ ልክ ከገመዱ ሥር አቁመህ ነው። ዝርዝር ውስጥ አልገባም።

ከዚያ ዳገቱ። እናትህ ሹራባቸውን አውልቀው ሲያሸክሙህ፣ ቀጥሎ ነጠላውን፣ ቀጥሎ ቦርሳውን፣ "ፓንዳው ላይ እኮ ደርሰናል" በል። ባው ሊና ቺንግ ባው በጥቅምት 2024 ከቻይና የመጡ ናቸው፤ በኪራይ፣ ጥንዱ በዓመት 1 ሚሊዮን ዶላር። ወረፋ ይዘህ ስትደርስ አንዱ ጀርባውን ሰጥቶህ ቀርከሃ እየላጠ ይበላል። የቀኑ አብዛኛው ክፍል የሚያልፈው በዚሁ ነው። እናትህ "ሥራው ምንድን ነው?" ብለው ቢጠይቁህ መልሱን ንገራቸውና ምን ያህል እንደሚከፈልለትም ጨምር። ወንድምህ በሁለት ፈረቃ የሚሠራ ከሆነ ስሙ መነሳቱ አይቀርም።

በነገራችን ላይ ከዚህ ግቢ ማምለጥ ይቻላል። በሰኔ 2013 ረስቲ የተባለ ቀይ ፓንዳ ከአጥሩ ወጥቶ ጠፋና በዚያው ቀን የተያዘው አዳምስ ሞርጋን ሰፈር ነው፤ ለዓመታት የሀበሻ ምግብ ቤቶች የተደረደሩበት ሰፈር። ወዴት እንደሚኬድ ገብቶታል። አንተ ግን ጾመኛ እናትህን ይዘህ በያይነቱ ፍለጋ እንዳትሄድ፤ ገና አኳሪየም ይቀራል።

ዋሽንግተን ውስጥ ብሔራዊ አኳሪየም ነበር፤ ከ1932 ጀምሮ በንግድ ሚኒስቴር ምድር ቤት ውስጥ። በ2013 ተዘግቷል። እሱን ፍለጋ ሕንፃውን ሦስት ጊዜ ዙረው፤ ጥበቃዎቹም ይወቁህ። በማግስቱ ደግሞ ባልቲሞር ያለውን ለማየት አርፍደህ ተነስ፤ ያኛው ነፃ አይደለም፣ ትኬቱም ኪስ ይጎዳል። ሻርክና ስቲንግሬይ በአጠገብህ ሲንሳፈፉ መስታወቱን አንኳኳ፣ ፍላሽህን አብራ። ፍልሰታ ስለሆነ "ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም" የሚለው ክርክር ራሱ ይነሳል፤ አጎት አንድ ወገን፣ እናትህ ሌላ ወገን። ጠባቂው ምን እየተባለ እንደሆነ ሲጠይቅህ "እያደነቁ ነው" በለው።

ባልቲሞር ላይ ማለፍ የሌለብህ አንድ ታሪክ አለ፤ ማለትም ለብቻህ ስማውና ዝም በል። ከንቲባው ዊልያም ዶናልድ ሼፈር አኳሪየሙ እስከ ሐምሌ 1 ቀን 1981 ካልተጠናቀቀ ራሴን እዚያው ውኃ ውስጥ እጨምራለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ነበር። ሥራው ዘገየ። ከንቲባው ሽንትር ያለው የድሮ ዋና ልብስ ለብሶ፣ የላስቲክ ዳክዬ ታቅፎ፣ ጋዜጠኛው ሁሉ እያየው ሲል የሚባሉት የባሕር እንስሳት ገንዳ ውስጥ ገባ። ይህን ለእናትህ አትተርጉምላቸው። ሁለት ሰዓት አርፍደህ ነው ያመጣሃቸው፤ ውኃውም ቅርብ ነው።