ከልክ ያለፉት 20 ጫማዎች

ሰማይ ባለቤት የለውም የሚል ሰው ሳንዲያጎ፣ ካሊፎርኒያ ሄዶ ይጠይቅ። እዚያ ትንንሽ አውሮፕላኖች ከሚያርፉበት ሞንትጎመሪ ፊልድ አጠገብ አንድ ኩባንያ ባለ 12 ፎቅ ቢሮ ማቆም ጀመረ። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ከ160 ጫማ አትለፉ አለ፤ ሕንፃው 180 ላይ ደረሰ። ልዩነቱ 6 ሜትር ገደማ ናት። ለባለሕንፃው ጥሩ ኪራይ፣ በጭጋግ ውስጥ ዞሮ ለሚያርፍ አብራሪ ደግሞ ነፍስ።

የሚያስቀው፣ መሥሪያ ቤቱ ሕንፃ የማፍረስ ሥልጣን የለውም። የሚችለው ለበረራ አደገኛ ነው ብሎ ደብዳቤ መጻፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ጻፈ። ሕንፃ ደብዳቤ አያነብምና ማደጉን ቀጠለ። የከተማው አስተዳደር ዘግይቶም ቢሆን ሥራ አቁሙ አለ፤ አለና ደግሞ ዝናብ እንዳያበላሸው አናቱን መሸፈን ፈቀደ። ሊፈርስ የሚገባው ፎቅ ብርድ እንዳይመታው! እንዲህ ያለ ርኅራኄ ለጎዳና ተዳዳሪ ቢደርስ ምን ነበረበት?

የአውሮፕላኖቹ አቀራረብ ይቀየር የሚል ሐሳብም ተነሥቶ ነበር። ልክ ነዋ፣ ክንፍ ያለው እሱ አይደል? ዞር ይበላ!

የከተማው ጋዜጣ ጮኸ፣ ክስ ተመሠረተ። በ2007 ኩባንያው ለፍቶ የሰቀለውን 20 ጫማ መልሶ አወረደ። ከዚህ ሁሉ ያተረፉት ጠበቆቹና ክሬን አከራዩ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ያው 20 ጫማ ሲወጣም ሲወርድም አስከፍለውበታል።