የጎረቤቴ ብር፣ የእኔ ጠባይ

«ገንዘብ ሰውን ያበላሻል» የሚለውን ንግግር ከሀብታም አፍ ሰምቼ አላውቅም። የሚናገረው ሁልጊዜ የቡናውን ሒሳብ ማን ይከፍልልኝ ይሆን እያለ ዙሪያውን የሚቃኝ ሰው ነው። እኔም ከዚያው ወገን ስለሆንኩ ለዓመታት አምኜበት ኖሬያለሁ። ያለን ሀብት ጠባያችን ብቻ ነው፤ እሱንም ከተነጠቅን ምን ሊቀረን! (ብልሽቱ በአንተ ላይ ይሞከር ብባል ግን እምቢ የምል ሰው አይደለሁም። ለሳይንስ ስል።)

ቡና በምንጠጣበት ቤት ሁለት ሊቃውንት አሉን። አንደኛው ስልኩ ላይ የማያገኘው ነገር የሌለ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ሁለተኛው ዕድሜያቸውን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ጨርሰው ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው፤ ማኪያቷቸውን እንኳ ደረሰኝ ካልመጣ አይነኩም። በቀደም ልጁ አንድ ጥናት ይዞ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ነው። ፖል ፒፍ የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ዜብራ ዳር አድፍጠው መኪና ሲቆጥሩ ከረሙ። አንዳቸው ሊሻገር እግሩን ሲያነሳ ርካሽ መኪና የያዙት ቆሙለት፤ እጅግ ውድ መኪና ከያዙት ግን ወደ ግማሽ የሚጠጉት ጥለውት አለፉ። ይህን ስንሰማ ጠረጴዛው በደስታ ሞቀ። ሁላችንም እግረኞች ነን።

እኔን ግን ጥርጣሬ ያዘኝ። ሜክሲኮ አደባባይ ለመሻገር የቆመ ሰው እንደሚመሰክረው፣ የቤት ኪራይ ያልከፈለው የሚኒባስ ሹፌርም ሆነ ላንድክሩዘር የያዘው ባለሀብት እግረኛን በእኩል ዓይን ነው የሚያዩት። ማለትም አያዩትም።

ከዚያ በፊትም ቢሆን እምነቴን ያናጋው ጎረቤታችን ነው። የውርስ ቤት ተሸጦ ድርሻው ደረሰውና በአንድ ጀምበር ባለ ሚሊዮን ሆነ። ሰፈሩ ሲበላሽ ለማየት አሰፍስፎ ጠበቀ። ሰውዬው አልተባበረንም። ያችኑ ክርኗ የሳሳ ሹራቡን ለብሶ ይወጣል፣ ከያችው ሱቅ በዱቤ ይወስዳል፤ ሚስቱን አልፈታ፣ ውስኪ አልጀመረ። የተለወጥነው እኛ ነን።

በመጀመሪያ የተበላሸው የእኔ ሰላምታ ነው። ይህን ሰው በዕድሜ እበልጠዋለሁ። ከልጅነታችን ጀምሮ «አንተ» ስለው፣ አንዳንዴም ለጽሑፍ በማይመች ስም ስጠራው ኖሬያለሁ። አንድ ጠዋት በሩ ላይ ሳገኘው፣ ከየት እንደመጣብኝ ሳላውቅ፣ «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ?» አልኩት። ማንን እንደማናግር ለማየት ወደ ኋላው ዞረ።

እድራችን ደግሞ ባሰበት። ጎረቤታችን «ክረምት ሳይገባ ድንኳኑ ይቀየር» እያለ ስንት ስብሰባ ለምኗል፤ ዳኛው «ከአጀንዳ ውጭ ነው፣ ተቀመጥ» ይሉት ነበር። ብሩ ከደረሰው በኋላ ያንኑ ንግግር ቃል በቃል ደገመው። ተጨበጨበ። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤው ላይ «አርቆ አሳቢነት የታየበት ሐሳብ» ብሎ አሰፈረው። ስለ አህያና ስለ ጅብ የሚያወራት አንዲት ቀልድም አለችው፤ መጨረሻዋን ራሱ ይረሳታል። ድሮ ሊጀምራት ሲል ሰው ሁሉ ኮቱን ያነሳ ነበር። አሁን ገና «አንድ አህያ...» ከማለቱ እንባችን ይፈሳል። ባለቤቴ ልጆቹን በየስማቸው ጠርታ ደኅንነታቸውን መጠየቅ ጀመረች። አራት ልጆች እንዳሉት ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

ብሩ ከሰውዬው ኪስ አልወጣም፤ አንዲት ሳንቲም አልደረሰችንም። ብልሽቱ ብቻ ነው የደረሰን።

በድሮ ጊዜ ቢያንስ ገንዘብ ይከብድ ነበር። አሞሌ ጨው ያከማቸ ሀብታም፣ ቤቱ ካፈሰሰ ሀብቱ ይሟሟበታል። ማሪያ ቴሬዛ ያለችበት ጠገራ ብር ደግሞ አንዱ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ መቶ ብር ጉቦ ሊሰጥ የተነሳ ሰው ሦስት ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ብር ተሸክሞ፣ እየተንቃጨለ፣ ውሻ እየጮኸበት ነበር ዳኛው ደጅ የሚደርሰው። ዛሬ በስልክ ይላካል። ውሻውም አይነቃ።

መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ግን ነገሩ ተገለበጠ። የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች እንዲቀየሩ፣ ባለ 200 ብር አዲስ ኖት እንዲወጣ ተነገረ፤ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። በፍራሽና በጎታ ውስጥ ተኝቶ የኖረ ብር ሁሉ ደንግጦ ተነሳ። ለዓመታት ሰላምታዬን በአገጩ ሲመልስልኝ የኖረ አንድ ነጋዴ ዘመዴ፣ ሙዝ አንጠልጥሎ ከቤቴ ከች አለ። ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ። ስለ ጉልበቴም ጠየቀኝ፤ ጉልበቴን እንደሚያመኝ ማን እንደነገረው እንጃ። በረካው ላይ ስንደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለመሆኑ ጋሼ፣ በስምዎ የተከፈተ አካውንት አለ? ከዘመዶቻችን መካከል እንደ እርስዎ የሚታመን የለም» አለኝ። ያን ሌሊት እኔ ስለ ሕግና ስለ ህሊና ሳስብ አደርኩ፤ ባለቤቴ ስለ ፍሪጅ። ሰውዬው ግን አልተመለሰም። ከእኔ የበለጠ የሚታመን ዘመድ አግኝቶ ኖሯል። ሰላምታውም ወደ አገጩ ተመለሰ። ሙዙ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥሩ ነበር።

ይህን ሁሉ ስተርክ ልጁ ስልኩን እየነካካ «ሌላም ጥናት አለ» አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ነው። ተመራማሪዎች በ40 አገሮች፣ በ355 ከተሞች፣ ከ17 ሺህ በላይ የኪስ ቦርሳዎችን «ወድቆ አገኘነው» እያሉ ለባንክ፣ ለሆቴልና ለፖስታ ቤት ሠራተኞች ሰጡ። ቦርሳው ውስጥ የባለቤቱ አድራሻ፣ ቁልፍና የአስቤዛ ዝርዝር አለ፤ በከፊሉ ገንዘብ አለ፣ በከፊሉ የለም። ገንዘብ ከሌለባቸው ቦርሳዎች ባለቤቱ የተፈለገላቸው ከመቶ 40 ያህሉ ናቸው። ገንዘብ ባለባቸው 51 ሆነ። በሦስት አገሮች ገንዘቡን ጨመር ሲያደርጉት 72 ደረሰ።

ጠረጴዛው ዝም አለ። ባዶ ቦርሳ ሲጠፋ ፈላጊ የለውም፤ ብር ሲገባበት ግን የሰው ህሊና «ለካ አለሁ» ብሎ ይነቃል ማለት ነው። እኛም ጎረቤታችንን «ጋሼ» ያልነው ህሊናችን ነቅቶ ይሆናል ብዬ ተናገርኩ። ማንም አልደገፈኝም።

የሒሳብ ክፍሉ አዛውንት መነጽራቸውን አወለቁ።

«ከ17 ሺህ በላይ ቦርሳ ነው ያልከው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ሁሉም አልተመለሰም?»

«ሁሉም አልተመለሰም።»

«እና ያልተመለሰው ገንዘብ» አሉ፣ «በማን ስም ተወራረደ?»