ግራ እግርዎ ይረፍ፣ ጋሼ

ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ውስጥ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡና የምንጠጣበት በር ላይ ፒክአፖቹ ከተደረደሩ ክርክር አይጠፋም። ባለፈው እሑድ ጋሼ የእኔን ራም 3500 ዞር ዞር ብለው አዩት። አንገታቸውን በመስኮት አስገብተው ወለሉን ቃኙና «ፍሪሲዮኑስ?» አሉ።

«የለውም ጋሼ፣ አውቶማቲክ ነው።»

«እንግዲያው ሹፌር አይደለህማ፤ ተሳፋሪ ነህ!»

በረንዳው በሳቅ ተሞላ። ጋሼ በአሰብ መንገድ ኤንትሬ የነዱ ሰው ናቸው፤ ክብራቸው ከእኔ ጋር ነው። ተረባቸው ግን መልስ ሳያገኝ አያድርም።

ተሳፋሪ ጋሼ፣ ሌሊት በበረዶ ወርዶ የተሳቢ ሰንሰለት አይፈትሽም። ተሳፋሪ ተኝቶ ይደርሳል፤ እኔ ሦስት መኪና ጭኜ ተራራ አቋርጬ ነው የምደርሰው።

«ማንዋል ጉልበት አለው» አሉኝ ቀጥለው። ይችን እንዲሏት ስጠብቅ ነበር። በፈረንጆቹ 2018 ሞዴል ራም አንዱን ባለ6.7 ሊትር ከሚንስ ናፍጣ ሞተር በማንዋልም በአውቶማቲክም ይሸጥ ነበር። ባለ6 ማርሹን ማንዋል የመረጠ ሰው የሚያገኘው የመጠምዘዝ ጉልበት 895 ኒውተን ሜትር ነው። አይሲን አውቶማቲኩን የመረጠ 1,261 ያገኛል። ሲሊንደሩ ስድስት፣ ሊትሩ ያው! ፋብሪካው ማንዋሉ እንዳይፈጭበት ሞተሩን አፍኖ ነው የሸጠልዎ። እርስዎ ጉልበት የሚሉት ማርሽ ጉልበቱን የቀነሰው ነው፣ ጋሼ።

«የዘንድሮ ልጅ ሰነፍ ስለሆነ ነው የቀረው» የሚለውም እዚሁ ላይ ይወድቃል። ጂኤም በናፍጣ ፒክአፖቹ ላይ ማንዋልን ከ2006 ሞዴል በኋላ ተወው፤ ፎርድ ከ2010 በኋላ። ራም እስከ 2018 ብቻውን ታገለና እሱም ለቀቀ። ሞተሩ በየዓመቱ ሲፈረጥም በሰው እግር የሚታዘዘው ፍሪሲዮን አብሮት መፈርጠም አልቻለም። ሸራው እንዲችል ጠንካራ ሞላ ይግባለት ቢሉ ደግሞ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል።

ይኼን ከሰው ሰምቼ አይደለም። አራት ዓመት ማንዋል ነድቻለሁ። ተሳቢው ሙሉ ጭነት ይዞ ዳገት ላይ ቀይ መብራት ሲይዝህ ያለውን ነገር አውቀዋለሁ፤ መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል፣ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ድረስ ትለቃለህ፣ ጉልበትህ ይንቀጠቀጣል፣ መኪናው አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ይላል፣ ከኋላህ ያለው ክላክስ ያንባርቃል። ከዚያ ያ የተቃጠለ ሸራ ሽታ ይመጣል። ሽታው ጃኬቴ ላይ እቤት ድረስ ይከተለኝ ነበር። የአውቶማቲኩ ቶርክ ኮንቨርተር በዘይት ነው የሚገፋው፤ ዳገት ላይ የሚያቃጥለው ሸራ የለውም። ዘይቱ ግን ይግላል። ዘይቱን በጊዜው የማይቀይር ሰው ካምቢዮ ማሠሪያ ገንዘቡን ከአሁኑ ያጠራቅም።

አንዱ ከጥግ «ማንዋል አይበላሽም!» አለ። የዘጠናዎቹን ናፍጣ ዶጅ የነዳ ጠይቅ ወንድሜ። ባለ5 ማርሹ ካምቢዮ ውስጥ አምስተኛውን የሚይዘው ዳዶ በሞተሩ ንዝረት እየላላ ይወጣ ነበር፤ ሰውየው አውራ ጎዳና ላይ እያለ አምስተኛ ማርሹን ያጣል።

እውነቱን አልደብቅም፤ የጋሼ ጥርጣሬ ምክንያት አለው። ዶጅ ከሚንስን በ1989 ሲጀምር ማንዋሉ ባለ5 ማርሽ ነበር፣ አውቶማቲኩ ባለ3። ያን ጊዜ ቢሆን እኔም ከጋሼ ጎን እቆም ነበር። በ2001 ጂኤም ከዱራማክስ ሞተር ጋር አሊሰንን ሲያመጣ ግን ነገሩ ተገለበጠ። የጭነት ቁልፉን ከተጫንክ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ነካ ስታደርግ ራሱ ማርሽ ይቀንስልሃል። ፎርድ በ2020 አሥር ማርሽ ላይ ደርሷል።

ወጣቶቹም አጨበጨቡልኝ፤ እነሱም ድርሻቸውን ይቀበሉ። ማንዋል ተማሩ! የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ፈተና በአውቶማቲክ የተፈተነ ሰው መንጃ ፈቃዱ ላይ «ኢ» የምትል ፊደል ትሰፍርበታለች፤ ማንዋል የንግድ መኪና መንዳት አይፈቀድለትም። አንድ ቀን አሠሪ ባለ10 ማርሽ አሮጌ መኪና ቁልፍ ሲያቀብላችሁ ያቺን ፊደል ይዛችሁ ልትቆሙ ነው?

ጋሼ ግን አልተረቱም። «ቁልቁለት ላይ እንተያያለን» አሉ።

ማክሰኞ ይዣቸው ወጣሁ። የአይዘንሃወር ዋሻ 3,400 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ከዚያ ወደ ዲለን 13 ኪሎሜትር ያህል ትወርዳለህ፣ ፍሬን እምቢ ላለው መኪና የጠጠር መውጫ የተሠራለት መንገድ ነው። ከዋሻው ከመውጣታችን ጋሼ «ቀንስ!» አሉ። ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር። በአራተኛ ያዝኩት፣ የሞተር ፍሬኑን ከፈትኩ፣ ሞተሩ ማጓራት ጀመረ። ተሳቢው ከኋላ እየገፋ፣ መኪናው በሰዓት 70 ኪሎሜትር ገደማ ቀጥ ብሎ ወረደ። እግሬ ፍሬን የነካው ሁለቴ ነው። ቁልቁለት ሳይጀመር ማርሽ መያዝን ከእርስዎ ነው የወረስኩት ጋሼ፤ እሱን አልተውኩም፣ ፍሪሲዮኑን ነው የተውኩት።

ዲለን ስንቆም ቃል ሳይናገሩ ወረዱ። የተሳቢውን ጎማዎች አንድ በአንድ እየዞሩ መዳፋቸውን ወደ ቸርኬው አስጠጉ፤ ያኔ በአሰብ መንገድ እንደሚያደርጉት። የመጨረሻው ጎማ ላይ ቆዩበት። ተመልሰው ገቡ፣ በሩን ዘጉ፣ ግራ እግራቸውን ዘረጉ።

«ቀዝቃዛ ነው» አሉ። «ንዳ።»