የአቶ እገሌ ኪንታሮት ጉዳይ

በከተማችን ክሊኒኮች ካርድ ክፍል አንድ የተለመደ ጥያቄ አለ፤ «ምንዎን ነው ያመመዎት?» ይላል። ጥያቄው በራሱ ክፋት የለበትም። የሚጠየቀው ግን በመስታወት ቀዳዳ በኩል ነው፤ ቀዳዳው ደግሞ ከደረት ዝቅ ብሎ ስለሚሠራ ታማሚው አጎንብሶ መናገር፣ ጠያቂዋም የሰማችውን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ መድገም ይኖርባቸዋል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በቅርቡ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ወረፋ ይዞ ሳለ፣ ከፊቱ የነበሩ ጎልማሳ ሰው፣ አቶ እገሌ እንበላቸው፣ ለመስኮቱ የሆነ ነገር አንሾካሾኩ። «ኪንታሮት ነው ያሉኝ?» አለች ልጅቷ። ሰውየው በራሳቸው ንቅናቄ አረጋገጡ። «የውስጡ ነው የውጭው?» አዳራሹ መልሱ እንዳያመልጠው ጸጥ አለ።

ይህን አሠራር የሚነቅፉ አሉ። ታማሚና አካሚ በር ዘግተው ቢነጋገሩ ይሻላል የሚሉ፣ የአብሮነታችንን ጥልቀት ያልተረዱ ሰዎች ናቸው። በር ተዘግቶ የተነገረ በሽታ የሚጠቅመው ቢበዛ አንድ ሐኪም ነው። በመስኮት የተነገረ ግን ለሕዝብ የተሰጠ አገልግሎት ነው።

ጥቅሙ ወዲያው ይጀምራል። ሐኪሙ ገና ሻይ ላይ እያለ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ቦርድ ይሰየማል። ነጠላ ያጣፉት እናት ፌጦ ያዛሉ። የከባድ መኪና ሾፌሩ፣ በዚህ በሽታ ላይ የብዙ ዓመት የሥራ ልምድ ያለው፣ ኦፕራሲዮን የሚባል ነገር እንዳይሞከር ያስጠነቅቃል። አንዲት ተማሪ ስልኳን ከፍታ ማንም ሳይጠይቃት ፎቶ ታሳያለች። ሁሉም በነፃ ነው፤ ቫት እንኳን የለውም።

ከዚያ ደግሞ ወረፋ ባለበት አንድ የሰፈር ሰው አይጠፋም። ያ ሰው ተመርምሮ ወጥቶ ታክሲ ይይዛል። ከሜክሲኮ ሲነሣ ኪንታሮት የነበረው ሣር ቤት ላይ ዕጢ ይሆናል፤ ጀሞ ሲደርስ ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠዋል። ከተራው ቀድሞ የሚጨነቀው ዕድሩ ነው። ዳኛው ድንኳኑ ባለፈው ክረምት መቀደዱን ያስታውሳሉ። ዕቃ ቤት ኃላፊዋ ብርጭቆ ሲቆጥሩ ሦስት ጎድሎ ያገኙታል። ጸሐፊው መዝገቡን ሲያገላብጡ አቶ እገሌ የሁለት ወር ውዝፍ አለባቸው። ውዝፍ ያለበት አባል ቢያርፍ ደንቡ ምን ይላል? አስቸኳይ ስብሰባ ይጠራል። ከነቅጣቱ ይከፈል የሚሉና የሚሞት ሰው ዕዳ አይጠየቅም የሚሉ ሁለት ጎራ ይፈጠራል፤ አንደኛው ጎራ አኩርፎ ይወጣል። ጡሩምባ ነፊው በበኩሉ ተቀይሟል፤ ካርድ ክፍሏ እንጀራውን ቀምታዋለች። እሱ ቢያንስ ሰው እስኪሞት ይጠብቅ ነበር።

ወሬው እስከ ምሽት ባሕር ተሻግሯል። ቨርጂኒያ ያለው የእህታቸው ልጅ ያለ የሌለ ዘመዱን በዋትሳፕ ሰብስቦ፣ አቶ እገሌ በደህናው ቀን በሰርግ ላይ የተነሡትን ፎቶ አድርጎ ጎፈንድሚ ከፍቷል። አቶ እገሌ ራሳቸው ገና ታክሲ ላይ ናቸው፤ ኪሳቸው ውስጥ አንድ ቱቦ ቅባት አለ። ቤታቸው ሲደርሱ ግቢው በሰው ተሞልቷል፣ ባለቤታቸው ዓይናቸው አብጧል፣ ወንበር ከጎረቤት መጥቷል። እንደማይሞቱ ቢናገሩ ማን ያምናል? «ሊያጽናናን ነው» ይባላል። ያላቸው ማስረጃ አንድ ብቻ ነው፤ ያም ቅባቱ ነው። እናም የዕድሩ ዳኛ፣ የንስሐ አባታቸውና ልጃቸውን ሊያገቡ ያሰቡት ወጣት ባሉበት ቱቦውን አውጥተው የት እንደሚቀባ ያስረዳሉ።

ሠለጠኑ የሚባሉት አገሮች እዚህ ቅልጥፍና ላይ አልደረሱም። ፊንላንድ ውስጥ ቫስታሞ የተባለ የሥነ ልቦና ሕክምና ድርጅት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 አንድ ጠላፊ ወደ 33 ሺህ የሚጠጉ ታካሚዎችን ማኅደር መስረቁ ታወቀ፤ ድርጅቱን 40 ቢትኮይን ጠየቀ፣ አልሳካ ሲለው ታካሚዎቹን በየግላቸው 200 ዩሮ ክፈሉ ብሎ አስፈራራ። ድርጅቱ በ2021 ከሰረ፣ ሰውየው በ2024 ስድስት ዓመት ከሦስት ወር ተፈረደበት። ምን ያህል ልፋት ነው! እዚህ ቢሆን ኖሮ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ጠጋ ብሎ መቀመጥ ይበቃው ነበር።

በሌሎች ሙያዎችም ቢሆን ወደ ኋላ አልቀረንም። ፋርማሲስቱ «ይሄ ወደ ላይ የሚገባ ነው፣ አይዋጥም» ሲል የሚገዛውም የማይገዛውም ይማራል። የባንክ ገንዘብ ከፋይዋ «ሁሉንም ነው የሚያወጡት?» ስትል ከበስተኋላ ያለው ወጣት ለሰውየው ያለው ክብር ይጨምራል። የጠበቃው ረዳት ፍርድ ቤቱ አጠገብ ባለው ካፌ የፍቺውን ምክንያት ከማኪያቶ ጋር ያቀርባል። ኮሎ የተጠቀለለበት ወረቀት ሲፈታ ደግሞ የማያውቁት ሰው የብድር ማመልከቻ ከነፊርማው ይነበባል።

ሰመመን ላይ ያለን ሰው በስልክ ቀርጾ ለላይክ ቲክቶክ ላይ መልቀቅን ግን ሽሙጥም አይችለውም። ነውር ነው። ያ ሰው ራሱን አያውቅም፣ እምቢ ማለት አይችልም፤ ቀራጩ ሐኪም ደግሞ ምስጢር ሊጠብቅ የማለ ሰው ነው። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1948 ባወጣው የጄኔቫ መሐላ ሐኪም የተነገረውን ምስጢር እንደሚያከብር ይምላል፤ በ1968 ደግሞ «ታካሚው ከሞተ በኋላም» የሚል ሐሳብ ተጨምሮበታል። ሙታን ምስጢራቸው የሚጠበቅ ከሆነ በሕይወት ያለው ሰው ምን በደለ?

ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ክፉ አይደለችም። ቀዳዳውን ያስቀደደችው እሷ አይደለችም፤ ስለ ምስጢር ያስተማራትም የለም። ለወለሉ እብነ በረድ፣ ለግድግዳው ትልቅ ቴሌቪዥን ያላጣው ባለቤት ግን ለአንዲት ጠባብ ክፍልና ለተራ ቁጥር ገንዘብ አልተረፈውም። ነገሩ የማይቻል ሆኖ አይደለም። የበጎ ፈቃድ የኤችአይቪ ምርመራ በተስፋፋባቸው ዓመታት ተመርማሪ ስሙን ትቶ በኮድ ቁጥር ይስተናገድ ነበር፤ ቁጥሩ በስሙ ፈንታ ስለተጠራ ከውጤቱ ላይ የጎደለ ነገር አልነበረም። ዛሬም የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ፣ የሚያውቃቸው ሰው እንዳያያቸው ሰፈራቸው ያለውን ጤና ጣቢያ አልፈው ሌላ ቦታ የሚሄዱ ሰዎች አሉ። መንገዱ ሲርቅ ቀጠሮ ይዘለላል፤ መድኃኒቱ ሲቆራረጥ ቫይረሱ ይላመደዋል። ጮክ ብሎ የተጠራ ስም ሰው እስከ መግደል ይደርሳል።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ ሞልቷል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት የማይደፈር ነው ይላል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን ጥብቅ ጥንቃቄ ከሚያሻቸው ውስጥ መድቦታል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 399 ከሃይማኖት አባት እስከ ጠበቃ፣ ከሐኪም እስከ አዋላጅ፣ ነርስና ረዳቶቻቸው ድረስ ስም እየጠራ፣ በሥራው ያወቀውን ምስጢር ያወጣ በቀላል እስራት ወይም በመቀጮ ይቀጣል ይላል። አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፤ ተበዳዩ አቤቱታ ማቅረብ አለበት።

አቶ እገሌ ምስክር አይቸግራቸውም፤ አዳራሹ በሙሉ ሰምቷል። የሚቀራቸው ፖሊስ ጣቢያ ሄደው፣ ተራቸውን ጠብቀው፣ የወጣባቸው ምስጢር ምን እንደሆነ ቃላቸውን መስጠት ነው። መርማሪው ይጽፋል፤ ለክሱ ግልጽነት ሲባልም የውስጡ ይሁን የውጭው እንዲለይለት ይጠይቃቸዋል።